ግድግዳ የሌለው የአዴ ጡሜ በር

ስልኬ ሲጮህ ያቤሎ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የደወሉት ኦቦ ዋሪዮ ናቸው፤ ነገሌ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የጥበቃ ሠራተኛ። እኔም ወደ ያቤሎ ከመምጣቴ በፊት እዚያው መጦሪያ ስንት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። ኦቦ ዋሪዮ ሲደውሉ ሰላምታው ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጨርሳል፤ ስለዚህ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ሸጉጬ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ያን ቀን ግን ሰላምታ አልነበረም።

«ጽጌ፣ አዴ ጡሜ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አሉኝ።

ደንብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲባል ምን አመማቸው፣ ቀብሩ መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል። ከእኔ አፍ የወጣው ሌላ ነው።

«በሩስ?»

«እስካሁን አለ» አሉ ኦቦ ዋሪዮ። «አዲሱ ኃላፊ ግን አልጋው ለሌላ ሰው ይፈለጋል፣ ያ እንጨት ይነሳ ብለዋል። መምጣት ከቻልሽ ነዪ።»

ሽንኩርት ሻጯ ገና ያልተላጠ ሽንኩርት ይዤ ሳለቅስ አይታ፣ «እህቴ፣ የኔ ሽንኩርት እንኳ እንዲህ አያቃጥልም» አለችኝ። ልቅሶዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። አዴ ጡሜ ነጋዴ ስለነበሩ ይህን ቢሰሙ «ጎበዝ፣ ዕቃዋን አላስነካችም» ይሉ ነበር።

መጦሪያው ከነገሌ ዳር ያለ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ቤት ነው። መሃሉን በግድግዳ ከፍለው ወንዶቹን ወዲያ፣ ሴቶቹን ወዲህ አድርገዋቸዋል። በእኔ ዘመን ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ጫፍ ላይ ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አልጋዎቹ በአንድ መስመር መሰለፋቸውን ያያሉ። ሁሉም አልጋ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ራስጌ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ። ኩባያዎቹ ከመመሳሰላቸው የተነሣ «ውሃዬን ጠጣሽብኝ» የሚል ጠብ ያልተነሳበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

የእኔ ሥራ ደግሞ አዲስ ሰው ሲገባ ይዞት የመጣውን ዕቃ ተረክቦ ግምጃ ቤት መቆለፍ ነበር። «ዕቃ ቦታ ያጣብባል፣ ጠብም ያመጣል» ይሉ ነበር አቶ ደምሴ። ግምጃ ቤቴ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጸ የግመል ቃጭል ነበረ። ወተት ካየ ዘመን የሆነው ጮጮ ነበረ፤ አፍንጫ ሲያስጠጉት ግን አሁንም የታጠነበት ጭስ ይሸታል። ድንጋይ ያለቀበት ሬዲዮ፣ ከዘራ፣ የሠርግ ጃንጥላ፣ ምኑ ቅጡ። ዕቃዎቹ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ባለቤቶቹ እዚህ አልጋ ላይ፣ እኔ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሃል ላይ። አዴ ጡሜ እስኪመጡ ድረስ ቀላል ሥራ ነበር።

የመጡት በአይሱዙ ነው። እሳቸው ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል፤ ከኋላ አንድ ሰማያዊ የእንጨት በር ከነመቃኑ፣ ከነመቀርቀሪያው፣ ከነደፉ በገመድ ታስሮ ቆሟል። አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ግን ለአንድ ገበያ የሚበቃ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ነገሌ ገበያ ዳር ጨው፣ የሻይ ቅጠል፣ ገመድና ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ጉልበታቸው ሲደክም የባላቸው ወንድም ልጅ ሱቁን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራው ሆነ። «አክስቴ፣ ከዕቃው ምን ልስጥሽ?» ሲላቸው የመረጡት በሩን ነው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ።

«ዓይን የለሽም? በር ነው።»

«መጦሪያው በር አለው እኮ!»

«እሱ የመጦሪያው ነው» አሉኝ። ከዚያ ከጋቢናው እየወረዱ፣ ሾፌሩን በአንድ እጃቸው ተደግፈው፣ «ስሚ ልጄ። ሱቁ የባሌ ነበር። ዕቃው የአምጪዎቹ ነበር። መሬቱ የመንግሥት ነው። በሩን ግን ሻኪሶ ያለ አናጢ ዘንድ ሄጄ፣ እንጨቱን መርጬ፣ ቀለሙን መርጬ ያሠራሁት እኔ ነኝ። የኔ የሆነ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

ደንብ ደንብ ነው፤ በሩን ከኦቦ ዋሪዮ ጋር አንስተን ወደ ግምጃ ቤቴ ወሰድነው። አልገባም። ብናቆመው አልገባ፣ ብናጋድመው አልገባ። መቃኑን ልናወልቅ ስናስብ አዴ ጡሜ ከኋላችን መጥተው «ትንኩትና!» አሉ፤ ሁለታችንም ደንግጠን እጃችንን ሰበሰብን። የመጋዘኑ መግቢያ ድሮ ጋሪ ያስገባ የነበረ ሰፊ ስለሆነ በሩን ወደ ሴቶቹ ክፍል ይዘነው ገብተን ከአልጋቸው አጠገብ አስደገፍነው። «ለዛሬ ብቻ» አልኩ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ለዛሬ ብቻ» የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚኖር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ በሩ ከአዴ ጡሜ አልጋ ግርጌ በሁለት ወፍራም የእንጨት እግሮች ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይቀረቀራል። በቀኙ ባዶ ቦታ፣ በግራው ባዶ ቦታ። ከጀርባው አዴ ጡሜ አልጋቸው ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፣ ልክ ሱቅ ከፍቶ ገበያተኛ እንደሚጠብቅ ሰው።

ኦቦ ዋሪዮን አፋጠጥኳቸው። «ማን አዘዘዎት?»

«አዴ።»

«እኔንስ አይጠይቁኝም?»

«ከብት ጠባቂ ሆኜ ጨው ከእሳቸው ስገዛ አንቺ አልተወለድሽም» አሉና መፋቂያቸውን ወደ አፋቸው መለሱ።

ያን ዕለት ጠዋት ነርሷ የደም ግፊት ልትለካ መጣች። እንደ ልማዷ በጎን ዞራ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እጃቸውን ያዘች። አዴ ጡሜ እጃቸውን መለስ አድርገው በጣታቸው ወደ በሩ አሳዩ። «ልጄ፣ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው።»

«እማማ፣ ብዙ ሰው ይጠብቀኛል።»

«ይጠብቅ። በኛ አገር እንግዳ ደጅ ቆሞ ይጣራል፣ ማነው ይባላል፣ ሰላም ይባላል፣ ከዚያ ግባ ይባላል። ሳይጣራ የሚገባ ሌባና ጅብ ነው። አንቺ ደግሞ ደህና የሰው ልጅ ትመስያለሽ።»

ነርሷ ሳቋ መጣና ዞራ ወጥታ አንኳኳች።

«ማነው?»

«ነርሷ ነኝ።»

«ናጋ?»

«ናጋ» አለች፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው፤ የነገሌ ልጅ ናት፣ ታውቀዋለች።

«ኢጆሌን ናጋ? ልጆቹስ?»

«ናጋ። አዴ፣ እርስዎስ? ሎኒ ናጋ? ከብቱስ ደህና ነው?» አለች፤ ቦረና ሰላም ሲባል ከብት ሳይጠየቅ አይታለፍምና፣ ለቀልድ ጨመረችው።

«ደህና ነው» አሉ አዴ ጡሜ ከበሩ ጀርባ። «የሌለኝ ከብት ታሞ አያውቅም። ግቢ!»

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ የሌላቸው ሁሉ እየተነሱ ሲያንኳኩ፣ ስለማይኖር ከብት ሲጠይቁና ሲስቁ ይውሉ ጀመር። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረና ነገሩ ልማድ ሆነ። የፈለገ ሰው በጎን ዘወር ብሎ መግባት ይችላል፤ የሚከለክል ግድግዳ የለም። ግን ማንም አይዞርም። እኔ ራሴ አንሶላ ልቀይር ስሄድ ክንዴ ላይ ክምር ይዤ በክርኔ አንኳኳ ነበር። የገባ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም። የገበያ ወዳጆቻቸው ቴምር ያመጡላቸዋል፤ እሷን ለሁለት ሰንጥቀው «ይቺ ምራቂሽ ናት» ብለው ይሰጣሉ፣ ልክ ሸምተን እንደጨረስን። ቴምር ሲያልቅ ከምሳቸው ዳቦ ያስቀራሉ። ነርሷ መርፌ ወግታቸው ምራቂ ተቀብላ ስትወጣ አይቻለሁ።

ያላንኳኩ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የአልጋ ጎረቤታቸው እትዬ ውብነሽ።

እትዬ ውብነሽ ከደጋ ከወታደር ባላቸው ጋር ወርደው፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ነገሌ ዕድሜ ልካቸውን ኖረው አንዲት የኦሮምኛ ቃል ከአፋቸው አትወጣም፤ ይሰማሉ፣ ግን አይመልሱም። መጦሪያው ሲገቡ ይዘው የመጡት አንድ ፌስታል ብቻ ነው፣ ውስጡም ነጠላና ማበጠሪያ። ግምጃ ቤቴ ውስጥ የእሳቸው የሆነ ምንም አልነበረም። ምላሳቸው ግን ሙሉ ዕቃ ነበር።

«ግድግዳ የሌለው በር! ጥርስ የሌለው ማበጠሪያ!» ይሉ ነበር ለመላው ክፍል። «እብደት ነው። ነገ ደግሞ ቤት የሌለው ጣሪያ ታስመጣለች።»

በቀን ስንት ጊዜ፣ ሆን ብለው፣ መጦሪያው የሰጣቸውን ከዘራ ኳ ኳ እያደረጉ በጎን ዞረው አዴ ጡሜ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጡና ስለ ወገባቸው ያወራሉ። ከወጡም በጎን ነው። እኔ ንቀቱ አናደደኝ፤ አንድ ቀን አዴ ጡሜን፣ «እርስዎ ምነው ዝም አሏቸው? ሌላውን ሁሉ እያስንኳኩ!» አልኳቸው።

አዴ ጡሜ ገረማቸው። «ውብነሽ? እሷ ምን ብላ ታንኳኳለች? ጎረቤት እኮ ናት። ጎረቤት በጓሮ ነው የሚገባው።»

ይህን ሲሉ እትዬ ውብነሽ አልጋቸው ላይ ሳይተኙ ጋደም ብለው ነበር። ሰምተዋል። ከዚያ በኋላም በጎን መግባታቸውን አልተዉም፤ ከዘራቸውን ግን ኳ ማድረጉን ተዉት። ሲሳደቡም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር።

አቶ ደምሴ በሩን ሳያዩት ቀርተው አይደለም። ጠዋት አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ መስመሩን የሚያበላሸው እሱ ነበር። ግን ጠብ አይወዱም፤ «ነገ እናነሳዋለን» እያሉ ጊዜው ሄደ። ታዲያ አንድ ቀን ከላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ግድግዳ ተቀባ፣ አዲስ አንሶላ ተነጠፈ፣ በሩም ወደ ግቢ ይውጣ ተባለ።

እኔና ኦቦ ዋሪዮ ልናነሳው ስንሄድ አንኳኳሁ። ቂል አስመስሎኛል፤ ልወስደው የመጣሁትን በር። ሰላም ተባባልን፣ ከብቱንም ጠየቅሁ። ገባሁና ነገርኳቸው።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው?» አሉ።

«እስኪሄዱ።»

«እንግዳ ሊመጣ በር የሚነቀልበት ቤት አይቼ አላውቅም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

በሩን ኩሽናው ጀርባ ግራሩ ሥር አጋደምነው። ጎብኚዎቹ መጡ። አንዲት ደግ የምትመስል ሴት ቀጥ ብላ ሄዳ አዴ ጡሜ አልጋ ላይ ቁጭ አለች፤ ጉንጫቸውን በሁለት ጣቷ ይዛ «ደስ ሲሉ እማማ!» አለች፣ ፎቶም ተነሳች። አዴ ጡሜ እንደ ሕፃን ዝም ብለው ተያዙላት። ያን ጉንጭ የያዘ ሰው ኖሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደሜ ፈላ፤ ግን እኔ ማን ነኝ፣ አንሶላ ይዤ ግድግዳ ተለጥፌ ቆሜአለሁ።

ጎብኚዎቹ ሄዱ። በሩ ግን አልተመለሰም፤ አቶ ደምሴ የክፍሉን ማማር አይተው ልባቸው ጨከነ። አዴ ጡሜም ተለወጡ። ምግቡ ይመጣል፣ ይመለሳል። ነርሷ «ናጋ፣ አዴ?» ትላለች፣ መልስ የለም። እሳቸው ሰላምታ የማይመልሱ ሴት ይሆናሉ ብሎ ማን ያስባል? አቶ ደምሴ «ዕድሜ ነው፣ መርሳት ጀምረዋል» አሉ። እኔ ግን አጠገባቸው ተንበርክኬ ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው በደንብ አወቁኝ።

«ጽጌ፣ እንግዳ ቢመጣ የት ቆሞ ይጣራል?» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ያነሳኛል፣ ይገለብጠኛል፣ ይሄዳል። ማንም አልመጣም ማለት ነው። ዳቦውንስ ለማን ላስቀር?»

ወጥቼ ኩሽናው ጀርባ ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለት ዶሮዎች ተቀምጠዋል።

በበነጋው ምሳ ሰዓት እትዬ ውብነሽ ጠፉ። ሽንት ቤት የሉ፣ ወንዶቹ ዘንድ የሉ። ኦቦ ዋሪዮ ናቸው ያገኟቸው፤ ዶሮዎቹን አባርረው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የግራሩ ጥላ ዞሮ ስለሸሸው በጠራራ ፀሐይ በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። የነገሌ ፀሐይ እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አይነገርም።

«እትዬ፣ ይግቡ፤ ምሳ ቀርቧል» አልኳቸው።

«በሩ ካልገባ አልገባም።»

«ይሄ እኮ የእርስዎ አይደለም። እብደት ነው ሲሉ አልነበር?»

«ነው! እብደት ነው!» ብለው ጮኹብኝ። «ግን ጓሮዬ ነበር። እኔ ፌስታል ይዤ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ አንዲት ሴት ጎረቤቴ ናት አለችኝ። አሁን እሷ ደጅ የላት፣ እኔ ጓሮ የለኝ። ሁለት አልጋ ላይ የተጋደምን ሁለት ጆንያዎች ሆንን። ለደምሴህ ንገሪው።»

«ደምሴሽ» ለማለት ነው፤ ሲናደዱ ወንድና ሴት ይደባልቃሉ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የግመሉ ቃጭል ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ጩኸቱን ሰምተው ምሳቸውን ይዘው መጡና ከጎናቸው ተቀመጡ። ቀጥሎ ሌላ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ግራሩ ሥር መጦሪያው በሙሉ አረንጓዴ ኩባያውን ይዞ ተሰብስቦ ነበር። አቶ ደምሴ ወደ ሴቶቹ ክፍል ቢገቡ በአንድ መስመር የተሰለፉ ባዶ አልጋዎችና ወደ ግድግዳ የዞሩ አንዲት ሴት ብቻ አገኙ። ደጁ ላይ ቆመው ለብዙ ጊዜ አዩ። ሥርዓቱ ከዚያ በላይ ሊያምር አይችልም፤ እሳቸው ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር።

«አስገቡት» አሉን።

በሩ ቆመ፤ አዴ ጡሜ ግን አልዞሩም። ያኔ አቶ ደምሴ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ቀረቡና አንኳኩ። መልስ የለም። ደግመው አንኳኩ።

«ማነው?» አለ የደከመ ድምፅ።

«ደምሴ ነኝ።»

«የቱ ደምሴ?»

ኃላፊያችን ዞር ብለው አዩን፤ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። «የመጦሪያው ደምሴ» አሉ። «ናጋ፣ አዴ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሁሉም… ሁሉም ደህና ነው?»

አልጋው ሲንቀሳቀስ ተሰማ። «ከብቱ ትንሽ ከስቶ ነበር» አሉ አዴ ጡሜ። «አሁን ደህና ነው። ግቡ።»

ውስጥ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አቶ ደምሴ ሲወጡ እጃቸው ላይ የደረቀ ዳቦ ቁራሽ ነበር፤ ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቁ በሉት። በሳምንቱ ጠሩኝና እያንዳንዱ ሰው ከግምጃ ቤት አንድ አንድ ዕቃ መርጦ አልጋው አጠገብ ያድርግ አሉኝ። እዚያ ቤት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጥብኝ የዚያ ቀን ነው። ጮጮዋን ያስረከብኳት እናት አፏን ከፍታ አሸተተችና ስለ አንዲት ላም ማውራት ጀመረች፤ እኔ ከመጦሪያው እስክለቅ አላቆመችም። የግመሉን ቃጭል በመመለሴ ግን የወንዶቹ ክፍል በሙሉ ረገመኝ፤ ሽማግሌው ሻይ ሲዘገይ ይደውሉበት ነበር።

አዴ ጡሜ እውነተኛው መርሳት የመጣባቸው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የእኔ ስም ሄደ፣ ከዚያ የነርሷ፣ ከዚያ የባላቸው። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ብቀመጥ እንደ መንገደኛ ያዩኝና ፈርተው ሻሻቸውን ይሰበስባሉ። ወደ በሩ ሄጄ ሳንኳኳ ግን ሌላ ሴት ነበሩ። «ማነው?» ይላሉ በዚያ በገበያ ድምፅ፤ ናጋውም፣ ልጆቹም፣ ከብቱም አንድ ሳይጎድል ይመጣል። ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ እሳቸው ማን እንደሆኑ ግን ያውቃሉ፤ ቤት ያላቸው፣ እንግዳ የመጣባቸው ሴት ናቸው። ሥራ አግኝቼ ወደ ያቤሎ ስሄድ የተሰናበትኳቸው እንዲህ ነው። ቴምሯን ሰንጥቀው ሰጡኝና «ሲመችሽ ደግሞ ነዪ፣ ሱቁ ክፍት ነው» አሉኝ። እትዬ ውብነሽ በጓሮ በኩል ተቀምጠው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫን ጫን ያደርጉ ነበር።

ኦቦ ዋሪዮ በደወሉልኝ ማግሥት ነገሌ ደረስኩ፤ ቀብሩ እንደ እስላም ደንብ በዕለቱ አልቋል። አቶ ደምሴ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ኦቦ ዋሪዮ የግቢው በር ላይ ተቀብለውኝ፣ ተላቅሰን፣ «ቶሎ ግቢ፣ ሊያነሱት ነው» አሉኝ።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ አዲሱ ኃላፊ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሰማያዊው በር ፊት ቆመዋል። ወጣት ናቸው፣ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ። ሠራተኞቹ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ሁለቱም የነገሌ ልጆች ናቸው።

«እርስዎ የቀድሞዋ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነዎት አሉ» አሉኝ ኃላፊው። «እባክዎ ያስረዱልኝ። ባለቤትየዋ አርፈዋል፣ አልጋው ይፈለጋል። እነዚህ ደግሞ ሳይፈቀድልን አናነሳም ይሉኛል። ማን ነው የሚፈቅደው?»

እጄ ብቻውን ሄዶ እንደ ድሮው አንኳኳ። ከበሩ ጀርባ ባዶ አልጋ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለመሰናበት ያህል ነበር።

«ማነው?» አለ ድምፅ።

አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። ከዚያ ድምፁን አወቅሁት፤ እትዬ ውብነሽ ናቸው። በጓሮ ገብተው ኖሯል።

«ጽጌ ነኝ፣ እትዬ።»

ግቢ አላሉኝም። እኔም ገባኝ፤ ሰላምታው ይቀራል።

«ናጋ?» አልኩ።

«ናጋ» አሉ። ስንት ዘመን አፋቸው ውስጥ ይዘዋት የኖሩትን ቃል አወጧት፤ የደጋ ሰው እንደሚላት አድርገው፣ ግን አወጧት።

«ልጆቹ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሎኒ ናጋ?» አልኩ። «ከብቱስ ደህና ነው?»

አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል።

«ታሞ አያውቅም» አሉ። «ግቢ።»

መቀርቀሪያውን ከፍቼ ገባሁና በሩን መልሼ ዘጋሁ። እትዬ ውብነሽ ገና ባልተገፈፈው አልጋ ጫፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ የአዴ ጡሜ የቴምር ዕቃ አለ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ አንዷን ቴምር በጥፍራቸው ሰንጥቀው እኩሌታዋን መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

ከወዲያ በኩል የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ተመለሰ፣ ቆመ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ተብሎ፣ ልምድ በሌለው እጅ፣ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ውብነሽ እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«ማነው?»